በክፍት ምንጭ ኮምፒዩተር ላይ የማስታወሻ ፕሮግራም አመራረጥ

በትምህርት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ ማስታወሻ ይይዛል። መምህሩ በክፍል ውስጥ ያስተዋለውን የተማሪዎች ስሕተትና ለፈተና የሚሆን ጥያቄ፣ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ካነበባቸው መጻሕፍት የለቀመውን ሐሳብ፣ ተመራማሪው በቃለ መጠይቅ ያገኘውን ምላሽ በየጊዜው ጽፎ ያኖራል። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ለሌላ ሰው ታስቦ የሚጻፍ ባለመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰነድ አይቈጠርም። ይሁን እንጂ ሪፖርቱም ሆነ መጽሐፉ የሚገኘው ከእርሱ ነው። የታተመ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይፈለግለታል፤ የ10 ዓመት ማስታወሻ ቢጠፋ ግን ከያዘው ሰው በቀር መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

ማስታወሻ በወረቀት ላይ ብቻ ይያዝ በነበረበት ጊዜ ምርጫው ከባድ አልነበረም፤ ደብተር ወይም ካርድ መግዛት ይበቃ ነበር። የወረቀት ችግሩ በመጻፉ ላይ ሳይሆን በመፈለጉ ላይ ነው። በደብተር የተጻፈው በቀን ቅደም ተከተል ስለሚሄድ፣ ስለ አንድ ጉዳይ በተለያየ ጊዜ የተጻፈው በአንድ ቦታ አይገኝም። ካርድ ይህን ችግር በከፊል ያቃልለዋል። ጀርመናዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሳይንስ ሊቅ ኒክላስ ሉማን (1927–1998) ለእያንዳንዱ ካርድ ቍጥር እየሰጠ፣ በአንዱም ካርድ ላይ የሌላውን ቍጥር እየጻፈ፣ 90,000 ያህል ካርዶች አከማችቶ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ ከሚሠሩት የማስታወሻ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር የሚያያይዙበት ዘዴ ከዚሁ አሠራር ጋር የተዛመደ ነው። ልዩነቱ፣ የካርድ ሣጥን ለመክፈት እጅ ብቻ ሲበቃ የኮምፒዩተሩን ሣጥን ለመክፈት ግን ፕሮግራም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የምርጫው ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክፍት ምንጭ ሲባል፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ ለሁሉ ግልጽ የሆነ፣ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያባዛው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያስተላልፈው የተፈቀደ ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባስታወቀው ግኑ በተባለው ሥራና ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በጀመረው ሊኑክስ ላይ ተመሥርተው ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና እነዚህን የመሰሉ ሥርዓቶች ተዘጋጅተዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለፈቃድ ገንዘብ የማይጠየቅባቸው በመሆኑና ከመካከላቸው ቀለል ያሉት በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም የሚሠሩ በመሆናቸው፣ በጀቱ ለጠበበ ትምህርት ቤትም ሆነ በራሱ ገንዘብ ኮምፒዩተር ለገዛ መምህር የሚስማሙ ናቸው።

በእነዚህ ሥርዓቶች ላይ ማስታወሻ ለመያዝ የተሠሩት ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ናቸው። መራጩ በብዛት የሚመለከተው መልካቸውን ነው፤ የመስኮቱን ቀለም፣ የቍልፎቹን አቀማመጥ፣ ማስታወሻዎቹ በክርና በነጥብ ተያይዘው የሚታዩበትን ሥዕል። ይህ ሥዕል ለእንግዳ ማሳያ ያማረ ቢሆንም፣ ለሥራ የሚሰጠው ጥቅም ከሚነገርለት ያነሰ ነው። መልክ በሁለት ሳምንት ይለመዳል፤ ጽሑፉ የተቀመጠበት ሁኔታ ግን እስከ መጨረሻው አብሮ ይኖራል።

ሁለት ዓይነት ክፍትነት

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፕሮግራሙ ክፍት መሆን ነው፤ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው ጽሑፍ ክፍት መሆን ነው። የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ቢበላሽ ማን ሊጠግነው ይችላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ ቢጠፋ ጽሑፉን በምን ማንበብ ይቻላል ለሚለው ነው። ለማስታወሻው ባለቤት ከሁለቱ የሚበልጠው የኋለኛው ነው፤ ፕሮግራም መጠገን የሚችል መምህር ጥቂት ሲሆን፣ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ የማይፈልግ ግን የለምና።

ፕሮግራሞቹ ጽሑፉን የሚያስቀምጡበት መንገድ በጠቅላላው ሲታይ ከሦስት አይዘልም። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ማስታወሻ በተራ ጽሑፍ፣ ለየራሱ በሆነ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ተራ ጽሑፍ ማለት ፊደላት ብቻ ያሉበት፣ በማናቸውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ሊከፈት የሚችል ማለት ነው። ርእስን ወይም ደማቅ ቃልን ለማመልከት በጽሑፉ መካከል ቀላል ምልክቶች ይገባሉ። ከእነዚህ የምልክት ስምምነቶች በሰፊው የታወቀው ጆን ግሩበር በ2004 ያወጣው ማርክዳውን ነው፤ በዚህ ስምምነት መሠረት በመስመር መጀመሪያ ላይ የሚገባው # ርእስን፣ በቃሉ ግራና ቀኝ የሚገባው * ለየት ብሎ መነበብ ያለበትን ቃል ያመለክታል። ምልክቱን የማያውቅ ሰው እንኳ ጽሑፉን ከማንበብ አይታገድም።

ሁለተኛው መንገድ ማስታወሻዎቹን ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ማጠራቀም ነው። ለዚህ በብዛት የሚያገለግለው በ2000 የወጣው ኤስኪውላይት ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን መንገድ ፈጽሞ ይነቅፉታል፤ ነቀፋው ግን ከልክ ያለፈ ነው። ኤስኪውላይት አሠራሩ በግልጽ የተመዘገበ፣ የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለመረጃ ማከማቻ ከሚመክራቸው ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ በጽሑፍ መካከል መብራት ቢቋረጥ የተጀመረው ለውጥ በግማሽ እንዳይቀር የሚጠብቅ ዘዴም አለው። እውነተኛው ጕድለት ሌላ ነው። አንድ ፋይል ሲበላሽ በውስጡ ያሉት ሁሉ አብረው ለአደጋ ይጋለጣሉ፤ ደግሞም ቋቱን ያለ ፕሮግራሙ ከፍቶ አንዲት ገጽ ማውጣት ለተራው ተጠቃሚ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው፣ ጽሑፉ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በሩቅ ባለ የድርጅት ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥበት ነው። በዚህ ጊዜ የጽሑፉ ዕድል ከድርጅቱ ዕድል ጋር ይታሰራል። በ2008 ለሕዝብ የተከፈተው ኤቨርኖት ለብዙ ዓመታት የታወቀ የማስታወሻ ማስቀመጫ ነበር። ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ኤቨርኖትን የሚገዛ መሆኑን በ2022 አስታወቀ፤ በ2023 መጨረሻም ገንዘብ ለማይከፍሉ ተጠቃሚዎች የሚፈቀደው 50 ማስታወሻና 1 ደብተር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ቀድሞ የተጻፈው ባይሰረዝም፣ በነፃ ይገለገሉ ለነበሩት ከዚያ በላይ መጨመር ቀረ። የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል ያቋቋመው ኡቡንቱ ዋን የተባለው የፋይል ማስቀመጫም በ2014 ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎች ያስቀመጡትን እንዲያወጡ የተሰጣቸው ጊዜ የተወሰኑ ወራት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ አገልግሎቱ የክፍት ምንጭ ሥርዓት በሚያዘጋጅ ድርጅት የተሰጠ መሆኑ ከመዘጋት አላዳነውም።

የሁለቱን ክፍትነቶች ትርጕም ከሁሉ አስፍቶ የሚያሳየው የቶምቦይ ታሪክ ነው። ቶምቦይ በ2004 የወጣ፣ ትንንሽ ማስታወሻዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ሲሆን፣ በ2006 ግኖም ከተባለው የዴስክቶፕ ሥርዓት ጋር አብሮ መሰጠት ጀመረ። ከዚህም የተነሣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተጠቃሚው ሳይመርጠው ተጭኖ ይገኝ ነበር። ነገር ግን የተሠራበት ሞኖ የተባለው መሠረት በሊኑክስ ተጠቃሚዎች መካከል ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በ2012 ኡቡንቱ 12.04 ሲወጣ ሞኖና ቶምቦይ አብረው ከሚጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር ወጡ። በዚያ ጊዜ የብዙ ዓመት ማስታወሻ በቶምቦይ የያዘ ሰው ምን ይደርስበት ነበር? ጽሑፉ በሰው ዓይን ሊነበብ በሚችል የኤክስኤምኤል ፋይል የተቀመጠ በመሆኑ፣ ሁበርት ፊጊዬር የቶምቦይን አሠራር ተከትሎ በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ በ2009 ያዘጋጀው ግኖት ማስታወሻዎቹን ተቀብሎ ሊያነባቸው ቻለ። የፕሮግራሙ ክፍትነት ተተኪ እንዲሠራለት ፈቀደ፤ የጽሑፉ ክፍትነት ደግሞ ባለቤቱ ንብረቱን ይዞ ወደ ተተኪው እንዲሻገር አስቻለ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖር ኖሮ ጕዞው ይህን ያህል ቀላል ባልሆነም ነበር።

ከፕሮግራሞቹ ጥቂቶቹ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መመዘኛ ሲታይ፣ ለመምህርና ለተመራማሪ በቅድሚያ ሊጤን የሚገባው ዚም ነው። ዚም ክፍት ምንጭ ከመሆኑም በላይ እያንዳንዱን ገጽ በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በገጾቹ መካከል ያለው የበላይና የበታች ግንኙነት በኮምፒዩተሩ ላይ በፎልደርና በንዑስ ፎልደር ይገለጻል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ተመራማሪ «ቃለ መጠይቅ» የሚል ገጽ ከፍቶ በሥሩ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ቢያዘጋጅ፣ በኮምፒዩተሩ ላይም «ቃለ መጠይቅ» የሚል ፎልደር በውስጡ የየትምህርት ቤቱን ፋይሎች ይዞ ይገኛል። ፎቶግራፍ ወይም ሠንጠረዥ ሲያያዝም ከገጹ አጠገብ ይቀመጣል። ገጹ ስሙ ሲለወጥ ወደ እርሱ የሚያመለክቱት ማያያዣዎች አብረው ይስተካከላሉ፤ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክቱት ሌሎች ገጾች የትኞቹ እንደ ሆኑም ያሳያል። መልኩ ያረጀ ይመስላል፤ ቀላል በመሆኑ ግን በአነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ጕድለቱ የራሱን ምልክቶች እንጂ ማርክዳውንን የማይከተል መሆኑ ነው። ይህም ትልቅ ጕድለት አይደለም፤ ጽሑፉ ያለ ዚምም ይነበባልና።

ቼሪትሪ ማስታወሻን በዛፍ ቅርንጫፍ አምሳል የሚያደራጅ ሲሆን፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል፣ ማለትም በኤክስኤምኤል ወይም በኤስኪውላይት ማስቀመጥ ይችላል። የተለያየ ቀለም፣ ሠንጠረዥና ሥዕል በብዛት ለሚጠቀም ሰው ይስማማዋል። ፋይሉን በምስጢር ቃል መቈለፍ የሚቻል በመሆኑም ለአንዳንድ ሥራ ተመራጭ ይሆናል።

ጆፕሊን በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወሻ እንዲኖረው ለሚፈልግ የተሠራ ነው። ክፍት ምንጭ ነው፤ በማርክዳውን ይጽፋል፤ ከኤቨርኖት የወጣ ፋይልም ተቀብሎ ያነባል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚቀመጠው በተለያዩ ፋይሎች ሳይሆን በኤስኪውላይት ቋት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጆፕሊንን የመረጠ ሰው ማስታወሻውን ሁሉ በየጊዜው ወደ ማርክዳውን ፋይሎች አውጥቶ ማስቀመጥን ልማድ ማድረግ ይገባዋል፤ ፕሮግራሙ ይህን ለማድረግ ያስችላል። ከዚህም ሌላ፣ ጆፕሊንም ሆነ ይህን የመሰሉ አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች የተሠሩት ኤሌክትሮን በተባለው መሠረት ላይ ነው፤ ይህም ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ሙሉ የኢንተርኔት ማሰሻ በሆዱ ይዞ ይነሣል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሸክሙ ይታወቃል።

ኦብሲዲያን በተቃራኒው ፕሮግራሙ ክፍት ምንጭ ያልሆነ፣ ጽሑፉ ግን በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በተራ የማርክዳውን ፋይል የሚቀመጥ ነው። በክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ዝግ ፕሮግራም መጫን ተገቢ አይደለም የሚል አስተያየት አለ፤ አስተያየቱም መሠረት አለው። ሆኖም ከማስታወሻው ደኅንነት አንጻር ብቻ ከታየ፣ ጽሑፉን በተራ ፋይል የሚያስቀምጥ ዝግ ፕሮግራም ጽሑፉን ከማይፈታ ቅርጽ ውስጥ ከሚቈልፍ ክፍት ፕሮግራም ይሻላል። ለሁለቱም ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሚፈልግ ሰው ኪውኦውንኖትስን ሊመለከት ይችላል፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ማስታወሻውንም በማርክዳውን ፋይል ያስቀምጣል። ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 የጀመረው ኦርግ ሞድም ተራ ጽሑፍን የሚጠቀም ብርቱ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ ያንን ለመልመድ ወራት ለማጥፋት ካልቈረጠ ሰው በቀር ለሌላ አይመከርም።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ

ከዚህ በላይ የተባለው ለማናቸውም ቋንቋ ይሠራል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን በውጭ አገር በሚዘጋጁ መምሪያዎች ውስጥ የማይነሡ ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ።

ዝግ ጽሑፍ ምን እንደሚያስከትል የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከማንም በፊት አይተዋል ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ፣ አማርኛ የሚጻፈው በየአዘጋጁ በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለየፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት፣ ወይም ፊደሉ ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲወሰድ፣ የሚታየው ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የፈተና ወረቀት፣ የጥናት ጽሑፍ በዚህ መልክ ፋይሉ ሳይጠፋ ንባቡ ጠፍቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ ግን ዓይነቱ ማናቸውም ይሁን የኢትዮጵያ ፊደል ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ይነበባል። በሊኑክስ ላይ ለዚህ የሚሆኑ ኖቶ እና አቢሲኒካ የተባሉ የፊደል ዓይነቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ይይዛል። ይህ አማርኛ ቦታ ይፈጃል የሚል ሥጋት እንዳያሳድር ስሌቱን መመልከት ይበቃል። አንድ ገጽ 2,000 ፊደል ቢይዝ 6,000 ባይት ይሆናል፤ 10,000 ገጽ ማስታወሻ ደግሞ 60 ሚሊዮን ባይት ነው። ይህም ዛሬ በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ላይ ሲቀመጥ ቦታው የማይታወቅ ያህል ነው።

ለመጻፍ፣ በሊኑክስ ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ ከሥርዓቱ ማስተካከያ ላይ መምረጥ ይቻላል። በላቲን ፊደል ድምፁን እየመቱ በአማርኛ መጻፍ የለመደ ሰው በአይባስ በኩል የሚሠራውን የሴራ ዘዴ ወይም ኪማን የተባለውን ሊጭን ይችላል። ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍላትፓክና ስናፕ በተባሉ ራሳቸውን ከሌላው ሥርዓት ባገለሉ ጥቅሎች የተጫኑ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ከመጻፊያው ዘዴ ጋር አይግባቡም። እንግዲህ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ሲሠራ ታይቶ ብቻ መመረጥ የለበትም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፍለጋው ነው። ማስታወሻ በኮምፒዩተር የሚያዝበት ዋናው ምክንያት የተጻፈውን በቶሎ ለማግኘት ሆኖ ሳለ፣ የፍለጋው ዘዴ ለአማርኛ ያልታሰበ በመሆኑ የተጻፈው እንዳልተጻፈ ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ልዩ ልዩ ፊደላት አሉ። ሰው «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቃል መሆናቸውን ያውቃል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ አለመኖሩንም ያምናል።

ሁለተኛው የቃሉ መርባት ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት በቃል ሲሆን ሌሎች የሚፈልጉት በፊደላት ተከታታይ ነው። በቃል የሚፈልገው ፕሮግራም «ተማሪ» ሲባል «ለተማሪው» የሚለውን ሊያልፈው ይችላል፤ ቃሉ በ«ለ» ስለሚጀምር ለእርሱ ሌላ ቃል ነውና። በፊደላት ተከታታይ የሚፈልገው ያገኘዋል። እርሱም ቢሆን «ትምህርት» ሲባል «ትምህርቱ» እና «በትምህርታችን» የሚሉትን አያገኝም፤ የመጨረሻው «ት» ወደ «ቱ» እና «ታ» ተለውጧልና። የመጨረሻውን ፊደል ትቶ «ትምህር» ብሎ የፈለገ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ይህ ትንሽ ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ በየቀኑ ያገለግላል።

ጽሑፉ በተራ ፋይል የተቀመጠ ከሆነ የፊደላቱም ችግር መፍትሔ አለው። በሊኑክስ ላይ የሚገኘው ግሬፕ የተባለው የፍለጋ ትእዛዝ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፉትን ፊደላት አንዱን ወይም ሌላውን ብሎ ይቀበላል። [ሥስ]ራ ተብሎ ሲጻፍለት ሁለቱንም አጻጻፍ፣ ትም[ህሕኅ]ር ሲባልም ሦስቱንም ፈልጎ ያወጣል። ቼሪትሪም በፍለጋ መስኮቱ ላይ ይህን የመሰለ የፍለጋ ንድፍ የሚቀበልበት ምርጫ አለው። ከዚህም ጋር ባለቤቱ ራሱ ለዋና ዋና ቃላት አንድ አጻጻፍ ወስኖ፣ በየማስታወሻው ራስ ላይ ሁለት ሦስት መለያ ቃላት በዚያው አጻጻፍ ቢያስቀምጥ፣ ማናቸውም ፕሮግራም ከሚሰጠው የፍለጋ ዘዴ ይበልጥ ይረዳዋል።

ማስታወሻው የሚገኝበት ቦታ

በሊኑክስ ላይ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፎልደሮች በተለመደው ሁኔታ አይታዩም። ብዙ ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን ጽሑፍ የሚያስቀምጡት በእንዲህ ያሉ ስውር ፎልደሮች ውስጥ ነው። ቶምቦይም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ የጆፕሊን ቋትም የሚገኘው በዚሁ ዓይነት ቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ ታድሶ ሥርዓቱ እንደገና በሚጫንበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ወይም ባለሙያው የሚታዩትን ሰነዶችና ፎቶግራፎች ገልብጦ ዲስኩን ያጠፋል፤ ማስታወሻው ግን ስላልታየ ስላልተገለበጠም አብሮ ይጠፋል። ይህ አደጋ የሚደርሰው ኮምፒዩተር በተበላሸ ጊዜ ሳይሆን ሰው ኮምፒዩተሩን ለማሻሻል በተነሣ ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል። ስውሮቹን ለማየት በግኖም የፋይል መስኮት ላይ የኮንትሮልን ቍልፍ ይዞ ኤችን መምታት ይበቃል። ከዚህ የሚሻለው ግን ማስታወሻው የሚቀመጥበትን ፎልደር ባለቤቱ ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅድ ፕሮግራም መያዝ ነው፤ ዚም፣ ቼሪትሪ፣ ኪውኦውንኖትስና ኦብሲዲያን ይህን ይፈቅዳሉ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ፣ ቢቻልም ከሕንፃው ውጭ መሆን አለበት። ሁለት ኮምፒዩተሮችን በሲንክቲንግ ወይም በኔክስትክላውድ አገናኝቶ ፋይሎቹ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲሆኑ ማድረግ ቅጂን አይተካም፤ በአንዱ ላይ በስሕተት የተሰረዘው በሌላውም ላይ ይሰረዛልና።

የተማሪዎች ውጤት ወይም የቃለ መጠይቅ ሰጪዎች ስም ያለበት ማስታወሻ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ጆፕሊን ማስታወሻውን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲልክ በምስጢር ጽሑፍ ለውጦ መላክ ይችላል፤ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቋት ግን አይቈለፍም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ስሞቹ ይነበባሉ። ስለዚህ ሊኑክስ በሚጫንበት ጊዜ ዲስኩን በሙሉ በምስጢር ቃል ለመቈለፍ የሚቀርበውን ምርጫ መቀበል፣ ስሞችንም ከምላሾቹ ለይቶ በሌላ ፋይል መያዝ ተገቢ ነው። ለጥናት ፈቃደኛ ሆነው የተናገሩ ሰዎች ምስጢራቸውን ያደራ ያሉት ለተመራማሪው እንጂ ለፕሮግራሙ አይደለም።

አሞካከሩ

ምርጫው በንባብ ብቻ አይወሰንም። ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራሞች ተጭነው፣ ለማስመሰል በተጻፈ ሳይሆን በእውነተኛ የሳምንት ሥራ መፈተን አለባቸው። አንድ ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ፎቶግራፍና ከመጽሐፍ የተወሰዱ ጥቂት ማስታወሻዎች ይገቡባቸዋል። በሳምንቱ መጨረሻ «ስራ» እና «ሥራ»፣ «ተማሪ» እና «ለተማሪው» ይፈለጋሉ። ከዚያም ፎልደሩ ወይም ፋይሉ በፍላሽ ተገልብጦ ፕሮግራሙ ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር ይወሰድና በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ይከፈታል። የሚነበብ ከሆነ ፕሮግራሙ ፈተናውን አልፏል። የማይነበብ ከሆነ ሁሉን ወደ ተራ ጽሑፍ የሚያወጣበት ትእዛዝ መኖሩ ይታያል፤ ትእዛዙ ተሞክሮ ሥዕሎቹና ማያያዣዎቹ አብረው መውጣታቸው ካልተረጋገጠ ግን እንዳለ አይቈጠርም።

ፕሮግራሙ ከተመረጠ በኋላ የቀድሞውን ማስታወሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማስገባት መሞከር ሥራን ያስቆማል። በወረቀት ያለው ባለበት ቢቆይ ጕዳት የለውም፤ ለያዘው ጥናት የሚያስፈልገው ብቻ እየተመረጠ ይገለበጣል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈው ግን ጊዜ አይሰጥም። የፊደሉን ቍጥር ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፈ ካልታወቀ አይረዱም፤ ተለውጦም ቢሆን አኃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና የሰው ስሞች በተለይ ከታተመው ቅጂ ጋር እየተመሳከሩ መታረም አለባቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት፣ የድሮው ፊደል ተጭኖ የሚገኝበት ኮምፒዩተር ከንብረት መዝገብ ወጥቶ ከመወገዱ በፊት ፋይሎቹን በዚያው ከፍቶ አንድ ቅጂ ማተምና የፊደሉን ስም በላዩ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።